የወንድሜን ድካም በምን ልቁጠረው?

ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ የኪራይ ቤት አለን። ከገንዘቡ 60 በመቶውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኪራዩን ግን እኩል እንካፈላለን፤ ተከራይ የሚፈልገው፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚሮጠው እሱ ነዋ። በጽሑፍ ያሰፈርነው ነገር የለም። ወንድማማቾች አይደለን ብለን ተውነው።

አምና ጣሪያው አፈሰሰ። የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ እንደ ሆድ ተንጠልጥሎ ነበር። ጥገናው የ3 ወር ኪራይ በላ። ወጪው እኩል ነው ወይስ 60 ለ40? እዚህ ላይ ተኳረፍን። በመጨረሻ 60ውን እኔ ከፈልኩ፤ ቅር እንዳለኝ ግን ያውቃል።

አሁን ሁለተኛ ቤት ልንገዛ ነው፤ መዋጮው እንደ በፊቱ ነው። እሱ የወደደው አሮጌ ቤት ነው፤ የዓመት ኪራዩ የዋጋውን 9 በመቶ ይሆናል። የእኔ ምርጫ አዲስ ነው፣ 6 በመቶ። ሁለቱም በዓመት 1 ወር ባዶ ቢቀመጡ፣ ለጥገና ከአሮጌው ኪራይ 25 በመቶ፣ ከአዲሱ 10 በመቶ ቢነሳ ብዬ አሰላሁት። አሮጌው ወደ 6፣ አዲሱ ወደ 5 ወረደ። ያቺን የ1 በመቶ ብልጫ የሚያመጣት ደግሞ የወንድሜ ጉልበት ነው።

ስለዚህ በየወሩ ከኪራዩ 10 በመቶ ለድካምህ ውሰድ፣ የቀረውን ወጪውንም ገቢውንም 60 ለ40 እናድርገው አልኩት። "ለወንድምህ ደሞዝ ልትቆርጥለት ነው?" ብሎ ዝም አለ። እሱ የሚፈልገው የምንገዛው የሁለተኛው ቤት ባለቤትነት እኩል እንዲሆን ነው። እኔ ደግሞ ነገ አስተዳደሩን ቢተወው ድርሻው እንዴት ይመለሳል ብዬ ፈራሁ።

ከቤተሰብ ጋር ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ የአንዳችሁን ድካም የምትቆጥሩት እንደ ባለቤትነት ድርሻ ነው ወይስ ከኪራዩ እንደሚነሳ ክፍያ?