ግሌንዳ ጃክሰን ትወናን ትታ ፓርላማ መግባቷ ልክ ነበር?

የማታ ተመልካች፦
ትናንት ማታ ቢቢሲ በ2019 የሠራውን «ኤልሳቤጥ ጠፍታለች» የሚል ፊልም አየሁ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ግሌንዳ ጃክሰን የመርሳት ሕመም የያዛት አሮጊት ሆና ነው የምትሠራው። ጓደኛዋ ጠፍታባት ትፈልጋለች፣ ግን የሰማችው ነገር አይረጋላትም። በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ትይዛለች፣ ቆይታ ታወጣውና የገዛ ጽሑፏን እንደ ሰው ደብዳቤ ታነበዋለች። ያኔ 83 ዓመቷ ነው! ፊልሙ ሲያልቅ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። ይቺ 2 ኦስካር የወሰደች እንግሊዛዊት በ1992፣ ገና በ55 ዓመቷ፣ ትወናን እርግፍ አድርጋ ትታ በሌበር ፓርቲ ፓርላማ ገባች፤ እስከ 2015 ድረስ እዚያው ቆየች። ለፓርላማ ወንበር ሰው አይጠፋም ነበር። እሷን የሚተካ ተዋናይ ግን የለም። ተሳስታለች እላለሁ። እናንተስ?

መድረክ ወዳድ፦
ልክ ነህ። ሰው ኦስካሯን ያነሳል እንጂ ስንቱን ዓይነት ሥራ እንደምትችል አያነሳም። በ1971 የቢቢሲ 6 ክፍል ድራማ ላይ የእንግሊዟን ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ስትሆን ግንባሯ ሰፊ እንዲመስል የፊት ፀጉሯን ተላጭታለች። ከልዕልትነት እስከ እርጅናዋ አንድ ሰው ናት የምትሠራው። በዚያው ዓመት ከቴሌቪዥን ኮሜዲያኖቹ ከሞርካምና ዋይዝ ጋር ኮሜዲ ገብታ ክሊዮፓትራ ሆነች፣ አገሩን አሳቀች። ያንን ያየ ዳይሬክተር ለኮሜዲ ፊልም ወሰዳትና ሁለተኛው ኦስካር የመጣው በሱ ነው። ይሄን ሁሉ የሚችል ሰው 23 ዓመት ይጥፋ?

የኪልበርኗ፦
እኔ አልስማማም። በ2010 ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር ስኖር የመረጥኩት እሷን ነው። ያሸነፈችው በ42 ድምፅ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ የእኔ ድምፅ ትንሽ አይደለችም! ፖለቲካ ለሷ የታዋቂ ሰው መዝናኛ አልነበረም። በርከንሄድ አካባቢ የግንበኛ ልጅ ሆና ነው ያደገችው፣ ትወና ከመማሯ በፊትም መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ተቀጥራ ሠርታለች። የኢራቅን ጦርነት የራሷን ፓርቲ መሪ ተጋፍጣ ተቃውማለች። ደግሞስ ብትቀር ምን ልትሠራ ነበር? ወንድ ተዋናይ ሲያረጅ የሼክስፒር ትልልቅ የሽማግሌ ሚናዎች፣ ሊርም ፕሮስፔሮም፣ ይጠብቁታል። ሴቷን የምትጠብቃት የአንድ ሰው እናት መሆን ናት። ጸሐፊዎች ለሴት ትልቅ ሚና አይጽፉም እያለች ዕድሜዋን ሙሉ የተናገረችው እኮ ይሄንን ነው።

መድረክ ወዳድ፦
እሺ፣ ግን ሥልጣን ላይ ምን ያህል ቆየች? ከ1997 እስከ 1999 ትራንስፖርት ሚኒስቴር ውስጥ ዝቅ ያለ ሹመት ነበራት። ከዚያ ለለንደን ከንቲባነት የፓርቲዋ ዕጩ ለመሆን ሞክራ አልተሳካላትም። የቀረውን ዘመን ሹመት የሌላት ተራ የፓርላማ አባል ሆና ኋላ ወንበር ላይ ነበረች። በ2013 የቀድሞዋ የወግ አጥባቂዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ስትሞት ብዙዎች ሲያሞግሷት ግሌንዳ ተነስታ የታቸር ዘመን ምን ጉዳት እንዳደረሰ ተናገረች። ተቃዋሚዎቿ ሲያጉረመርሙባት ድምፅዋ አልተናወጠም። ቪዲዮውን እዩት፣ የመድረክ ድምፅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ውስጧ ያለችው ተዋናይት ናት ያዳነቻት።

የኪልበርኗ፦
የተገላቢጦሹንም ተመልከት! በ2016 ኦልድ ቪክ ቴአትር ላይ በ80 ዓመቷ ንጉሥ ሊርን ሠራች። የወንድ ሚና ነው፣ ያስለመዳት ምን መሰለህ? የምርጫ ክልሏን አረጋውያን መጦሪያዎች ስትጎበኝ ሰው ሲያረጅ በወንድና በሴት መካከል ያለው ድንበር እየደበዘዘ እንደሚሄድ አይታ ነበር። ራሷ ናት የተናገረችው። ያንን ፓርላማ ባትገባ የት ታገኘዋለች? አንተን ትናንት ማታ ያስደነገጠችህ አሮጊቷም ከዚያው የመጣች ይመስለኛል።

የማታ ተመልካች፦
የመጦሪያውን ነገር አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግማሹን ረትተሽኛል። ከተመለሰች በኋላ በ2018 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ቶኒ የሚባለውን የቴአትር ሽልማት ወሰደች፣ ለዚያች አሮጊት ሚና ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዝ ሽልማት አገኘች፣ በ2023 በ87 ዓመቷ ስትሞት ከተዋናዩ ማይክል ኬን ጋር የሠራችው ፊልም ገና ለተመልካች አልቀረበም ነበር። እንዲህ ያለ አመላለስ አይቼ አላውቅም። ግን የ60 ዓመቷን ግሌንዳ የሚያሳየኝ ፊልም ብፈልግ አንድም የለም። አሁንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።