የትንሿ ወፍ ክንፍ ይከርከም ወይስ ይተው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ናችሁ? ልጄ ወፍ ካልተገዛልኝ ብላ ስትወተውተኝ ከርማ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ባጂ ገዛንላት። ባጂ ያው ከበቀቀን ዘር ከትንንሾቹ አንዷ ናት። ገና ልጅ ነች፤ የግንባሯ ጥቁር መስመር እስከ መንቁሯ ድረስ ይወርዳል፣ ከፍ ስትል ነው አሉ የሚጠፋው። የሸጡልን ሰዎች "የክንፏን ላባ አሁኑኑ እንከርክምልሽ፣ እንዳትበር፣ ቶሎ ትለምዳችኋለች" አሉኝ። ላስብበት ብዬ ይዣት ወጣሁ። አሁን ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቴ ይቆረጥ ባይ ነው። ሳሎን ውስጥ የጣሪያ ማራገቢያ አለን፣ የበረንዳው በር ደግሞ ልጆቹ ሲወጡ ሲገቡ ተዘግቶ አያውቅም። ልጄ ክንፏን አትንኩባት ብላ ታለቅሳለች። ወፍ ያሳደጋችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

የመንታዎች እናት፦
ቁረጪ እህቴ፣ አትጨነቂ። ላባ እንደ ጥፍር ነው፣ በትክክል ከተቆረጠ አያማትም። የእህቴ ባጂ ኅዳር ላይ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘችና ወጣች። ዛፍ ላይ ሆና ስትጮህ እየሰማናት ማውረድ አቅቶን መሸ። ሌሊቱ በረዶ ነበር። ልጆቹ ምን ያህል እንዳዘኑ እኔ ነኝ የማውቀው። ወፍ መብረር አለባት ማለት ቀላል ነው፣ እስቲ ያንን ጩኸት ሰምታችሁ ተኙ።

የቨርጂኒያው ወፍ አሳዳጊ፦
የመንታዎች እናት ያለችው ፍርሃት እውነተኛ ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እኔ ግን አትቁረጪ ባይ ነኝ፣ በተለይ አሁን። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የባጂ ጫጩት በአምስት ሳምንቷ አካባቢ ነው ከጎጆ የምትወጣው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት መብረር ብቻ ሳይሆን ማረፍ የምትማርባቸው ናቸው። ፍጥነቷን እንዴት እንደምትቀንስ፣ አየር ላይ እንዴት እንደምትታጠፍ፣ የቱ እንጨት እንደሚይዛት የምታውቀው በመሞከር ነው። ይህን ሳትማር ክንፏ ከተከረከመ ስትደነግጥ ትዘላለች፣ ልማዷ ነውና፣ ከዚያ መሬት ላይ ትፈጠፈጣለች። የወፍ ደረት መሃል ላይ ወደ ፊት የወጣ ቀጭን አጥንት አለ። በተደጋጋሚ ስትወድቅ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ አጥንቱም ሊሰበር ይችላል።

"ቶሎ ትለምዳለች" የሚለው ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። መሸሽ ያልቻለች ወፍ እጅ ላይ ትቀመጣለች፣ ያ ግን መልመድ አይደለም። አንዳንዷ መሸሻ ስታጣ መንከስ ትጀምራለች። መብረር እየቻለች አንቺ ትከሻ ላይ መጥታ የምታርፍ ወፍ ግን በእርግጥ ወዳሽ ነው። ልጅሽ ይህን ታየው ዘንድ እመኛለሁ። ከኬጁ፣ ከወፏ ቤት፣ አጠገብ ቁጭ ብላ ጮክ ሳትል ታንብብላት። ሚሌት የሚባለውን የእህል ዘለላ በእጇ ይዛ ትጠብቅ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሆናል።

ጋሽ ዶሮ አርቢ፦
ልጆች፣ እኛ ሀገር ቤት የዶሮ ክንፍ በመቀስ እንቆርጥ ነበር። አንዱን ክንፍ ብቻ። አጥር ልትዘል ስትል ሚዛኗ ይስትና ትመለሳለች። ምንም ስትሆን አላየሁም። ይህን ያህል የሚያከራክር ነገር ነው እንዴ?

የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኛዋ፦
ጋሼ፣ ለዶሮ ይሠራል፤ ዶሮ ኑሮዋ መሬት ላይ ነው። ባጂ ላይ አንድ ወገን ብቻ መቁረጥ ግን እጅግ መጥፎ ነው፣ እየተሽከረከረች ትወድቃለች። እኔ ክሊኒክ ስለምሠራ በዓይኔ የማየውን ልጻፍ።

በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ በኩል 10 ዋና የመብረሪያ ላባዎች አሉ። መከርከም ሲባል ከእነዚህ ከውጭ በኩል ያሉትን ጥቂቶቹን ከሁለቱም ወገን እኩል ማሳጠር ነው። አጥንት አይነካም። የክንፉን ጫፍ ከነአጥንቱ የሚቆርጡበት ሌላ አሠራር አለ፣ እሱ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ከዚህ ጋር አታደባልቁት። የተከረከመው ላባ ራሱ አያድግም። ወፏ ላባዋን ስትቀይር ጉቶው ይወድቅና በቦታው አዲስ ይወጣል። ይህ ወራት ይፈጃል።

አደጋው አዲስ የሚበቅለው ላባ ላይ ነው። በማደግ ላይ ያለ ላባ ውስጡ ደም አለው፣ አገዳው ጠቆር ብሎ ይታያል። እሱ በስህተት ከተቆረጠ ይደማል። የባጂ ክብደት ከ30 እስከ 40 ግራም ነው፤ ጠቅላላ ደሟ 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ለእኛ ጠብታ የሚመስለን ለእሷ ብዙ ነው። ልጅ ወፍ ደግሞ በማደግ ላይ ያሉ ላባዎች ይኖሯታል። ስለዚህ የወፍ ልምድ ያለው ሐኪም ሳያያት ማንም መቀስ ይዞ አይጠጋት፣ "በነፃ ነው" ቢልሽም።

አስገዳጅ ሁኔታ የለም አልልም። በሽተኛ ወፍ፣ ወይም ደንግጣ ግድግዳ ለግድግዳ ራሷን የምትደበድብ ወፍ ስትመጣ ሐኪሙ ለጊዜው ጥቂት ላባ የሚያሳጥርበት ቀን አለ። አንቺ የጻፍሽው ግን የበር ጉዳይ ነው።

የቴል አቪቩ፦
እኔ የማልስማማው ማምለጥ ሞት ነው በሚለው ነው። እዚህ ያርኮን ፓርክ ብትመጡ አረንጓዴ በቀቀኖች ዛፍ ሞልተው ታያላችሁ። እነሱም ድሮ ከሰው እጅ ያመለጡ ናቸው። ወጥታ ብትኖርስ?

የቨርጂኒያው ወፍ አሳዳጊ፦
ወንድሜ፣ ያርኮን ያሉት ሌላ ዓይነት ናቸው፣ ጅራተ ረጃጅሞቹ፣ አንገታቸው ላይ ቀለበት ያላቸው። በጣም ይበልጧታል፣ ብርድም ይችላሉ። በነገራችን ላይ የእነሱ ዘመዶች እኛም ሀገር በምዕራቡ ቆላ አሉ። ባጂ የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ወፍ ናት፤ በመንጋ እየዞረች ውኃና የሣር ፍሬ የምትፈልግ። ፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ከሰው እጅ የወጡ ባጂዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሺዎች ሆነው ይኖሩ ነበር። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ እነሱ እንኳ ቀስ በቀስ ጠፉ። እናንተ ባላችሁበት ሜሪላንድ ጥር ላይ ብቻዋን የወጣች ባጂ ዕድል የላትም። በዚህ ላይ ከመንታዎች እናት ጋር ነኝ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የተከረከመች ወፍም ታመልጣለች! ባጂ ቀላል ናት፣ ነፋስ ካገኘች ጥቂት ላባ ቀርቷት እንኳ ከበረንዳ ተነስታ ጎረቤት ጣሪያ ትደርሳለች። ከዚያ ግን በደንብ በርራ መመለስ አትችልም፣ ከድመትም አታመልጥም። ሰው ክንፏ ተቆርጧል ብሎ ይዘናጋል፣ በሩን ይተዋል፣ ላባው ተመልሶ እንደበቀለ አያይም። ብዙ ወፍ የሚጠፋው እንደዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዱባዩዋ፦
እኔ የምሠራበት ቤት ሦስት ባጂዎች አሉ፣ አንዳቸውም አልተከረከሙም። ማዳም ለወፎቹ አንዲት ክፍል ሰጥታለች። ሲለቀቁ መስኮቱ ላይ መጋረጃ እጋርዳለሁ፣ መስታወቱን በጨርቅ እሸፍናለሁ፤ ምክንያቱም መስታወት ክፍት አየር ይመስላቸዋል። የሽንት ቤት ክዳን ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይጠፋል። እስኪለመድ ነው እንጂ ሥራው ብዙ አይደለም።

የመንታዎች እናት፦
የዱባዩዋ እህቴ፣ አንቺ ቤት ለወፍ ክፍል አለ። እኛ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ነን። የሦስት ዓመት ልጅ መጋረጃና በር ያስታውሳል ብላችሁ ነው? ሁሉም ሰው ያለውን ቤት አይቶ ነው የሚወስነው።

የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኛዋ፦
ልክ ነሽ፣ ቤቱ ይለያያል። ስለዚህም ነው የኛን ቤት የሚመለከት ነገር ልጨምር የፈለግኩት፣ ማንም አላነሳውምና።

ወፍን በሐበሻ ቤት ውስጥ ከበር እኩል የሚያሰጋኝ ጭስ ነው። ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የማያጣብቅ የቴፍሎን ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ሰው ሳያሸተው ወፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ባዶ ምጣድ እሳት ላይ ረስቶ መሄድ በቂ ነው። መጥበሻውም እንደዚያው። የወፍ ሳንባ ከኛ ይለያል፣ አየሩ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፍበት፣ መርዙንም ቶሎ ይስባል። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ ዕጣኑ፣ ሰንደሉ ሁሉ ይጎዳታል። ቡናችሁን አትተዉ፣ ግን ኬጁ ሌላ ክፍል ይሁን፣ በሩ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት። የወፏ ክንፍ ተቆርጦ ኬጁ ምጣዱ አጠገብ ከተቀመጠ ምን አተረፍን?

ጋሽ ዶሮ አርቢ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። የልጄ ቤት ኬጁ ወጥ ቤት ነው ያለው። አሁኑኑ እደውልላታለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብነው። ለጊዜው አይቆረጥም ብለናል። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል፣ ላባዋንም ጤናዋንም ያይልናል። ኬጁን ከሳሎን ወደ ልጄ ክፍል አስገባን፣ እዚያ ማራገቢያ የለም፣ መስኮቱም መረብ አለው። ወፏ የምትለቀቀው የልጄ ክፍል በር ተዘግቶ ብቻ ነው፣ ትንሹ ልጄ ሲተኛ። እንጀራ ስጋግር ደግሞ ምጣዱን በረንዳ ላይ አወጣዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ እንዲያው አያድርገውና ብትወጣ ምን ላድርግ?

የቨርጂኒያው ወፍ አሳዳጊ፦
ከዓይንሽ አታጥፊያት፣ የት እንዳረፈች እዪ። ኬጁን ከነምግቡ ወደምታይበት ቦታ አውጪው፣ በሩ ክፍት ይሁን። አሁኑኑ ድምፅዋን በስልክ ቅጂና አስቀምጪ፣ ያኔ ታሰሚያታለሽ። ከመሸ የምታርፍበትን ዛፍ ለይተሽ ጎህ ሳይቀድ እዚያ ተገኚ፣ ሲነጋ ይርባታል። ውኃ በቱቦ አትርጪባት፣ በብርድ ያስጨርሳታል። ልጅሽ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሚሌቱን ባሳየቻት ቁጥር አንድ ዓይነት ፉጨት ታፏጭ፤ ውጭ ስትሆን ያንን ትሰማለች።

የመንታዎች እናት፦
ለበሩ መላ ካገኛችሁ እኔም አልከራከርም፣ ደስ ብሎኛል። መላ ላጣ ቤት ግን ሐሳቤ ያው ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ በሁለቱም ወገን፣ መብረር ከተማረች በኋላ ይከርከም። ወፍ ዛፍ ላይ በብርድ ስታልቅ ማየት ለማንም አልመኝም።