ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ፋይል ሲስተሙ ግን እየተበላሸ አስቸገረኝ

ጠያቂው፦
ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ሊኑክስ ላይ ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ነው የምጠቀመው። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም። ችግሩ ዲስኩ፣ ማለትም ኤስኤስዲው ነው ብዬ አዲስ ገዝቼ ሁሉንም አዛወርኩ። በአምስተኛው ቀን ያው ሆነ። ስማርት (የዲስኩ የራሱ የጤና መመርመሪያ) ሁለቱንም ዲስኮች ደህና ናቸው ይላል። ሎጉ (ሲስተሙ ስህተት የሚመዘግብበት) የቁልፎቹ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ መረጃ የሚያገኝባቸው ቁጥሮች ቅደም ተከተል ተዛብቷል ይልና 5311፣ 21696፣ 5313 ብሎ ይደረድራል። የልጄ ፎቶዎች በሙሉ እዚህ ናቸው። የጥገና ትእዛዙን ላስኪደው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ጥገናውን እንዳትነካው! ችግሩ ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ) ነው፣ በታመመ ራም መጠገን ደግሞ የባሰ ማበላሸት ነው። ቁጥሮቹን እያቸው። መሃል ላይ መሆን የነበረበት 5312 ነው። ከ21696 ላይ ቀንሰው፣ 16384 ይቀራል። ልክ የ2 14ኛ ርቢ! አንዲት ቢት (0 ወይም 1 የምትሆን ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ከ0 ወደ 1 ተገልብጣለች ማለት ነው። ዲስኩ ቢያበላሸው ኖሮ ሎጉ የሚጮኸው ቼክሰም (ከመረጃው ተሰልቶ የሚቀመጥ ማረጋገጫ ቁጥር) አልገጠመም ብሎ ነበር። ይሄ ዲስክ ጋ ሳይደርስ ራም ውስጥ የተበላሸ ነው። የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86 ፕላስን ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው፣ አንድ ዙር አይበቃም። በቅርቡ ራም ጨምረሃል እንዴ? ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ላይ ኤክስኤምፒ (ራሙን የሚያፈጥነው ቅንብር) በርቷል?

መልስ 2፦
አንድ ትልቅ ፋይል ላይ ደጋግመህ ቼክሰም አውጣ። ውጤቱ ከተለዋወጠ ነገሩ ግልጽ ነው። ፋይሉ ግን ከራምህ ይብለጥ፣ አለዚያ ሁለተኛውን ጊዜ ከዲስክ አያነበውም።

ጠያቂው፦
አዎ፣ ከወር በፊት ሁለት ጨምሬ አራት አደረግኳቸው። ኤክስኤምፒ በርቶ የራሙ ፍጥነት 3200 ላይ ነበር። ሜምቴስቱ በሦስተኛው ዙር ቀይ በቀይ ሆነ። ኤክስኤምፒን አጥፍቼ በ2400 ሳስኬደው እስኪነጋ አንድም ስህተት አልወጣም።

መልስ 1፦
እሰይ! ራሙ አልሞተም፣ ከአቅሙ በላይ እየተጋለበ ነበር። ኤክስኤምፒ ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማስኬድ) ነው። አምራቹም የሞከረው ጥንዱን ብቻ ነው፣ ከሌላ ጥንድ ጋር አይደለም። አራት ሲሆኑ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ሚሞሪ መቆጣጠሪያ ይከብደዋል። በ2400 ተወው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወደ አዲሱ ዲስክ ስታዛውር ሁሉም ፋይል ያለፈው በዚያው ራም ነው። እዚያ ተበላሽቶ ቼክሰም ከተሠራለት፣ ስክረብ (ሁሉንም ከቼክሰሙ ጋር የማመሳከር ፍተሻ) ብታደርግ ትክክል ነው ይልሃል። አሮጌው ኤስኤስዲ አለ? እንዳታጠፋው።

ጠያቂው፦
አለ፣ አልነካሁትም። ፎቶዎቹን በሙሉ ከአሮጌው ጋር አወዳደርኳቸው። አራት ይለያያሉ። አንዷ ልጄ የተወለደች ዕለት የተነሳችው ናት፣ አዲሱ ላይ ግማሿ ግራጫ ሆኗል። አሮጌው ላይ አራቱም ደህና ይከፈታሉ።