ጥቆማ፦ ለውሃ ኤሊ ገንዳ የሚሆን ማጣሪያና ውሃ (ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው)

የኮምቦልቻዋ ጠያቂ፦
እንደምን አላችሁ የወሎ ልጆች። ቅርፊቷ 12 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ቀይ ጆሮ የውሃ ኤሊ አለችኝ፤ ገንዳዋ 60 ሊትር የሚይዝ መስታወት ነው። ውሃው በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ይደፈርሳል፣ ሽታም ያመጣል። ማጣሪያው ለጎልድፊሽ የሚሸጠው ትንሹ ስፖንጅ ነው። ከአዲስ አበባ ካኒስተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ማጣሪያ) ላስመጣ ወይስ እዚሁ የሚሠራ ነገር ትጠቁሙኛላችሁ? ውሃውስ የቧንቧ ይሁን፣ የታሸገ ወይስ ከሐይቅ የሚቀዳ?

ከደሴ፣ ሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ፣ የሚፈታ ነገር ነው። መጀመሪያ ነገር ገንዳው ጠቧታል። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ቅርፊት 15 ሊትር ያህል ውሃ ይታሰባል፤ ለእሷ 180 ሊትር ማለት ነው። በ60 ሊትር ውስጥ የትኛውም ማጣሪያ ቢገባ ኩሷን አይችለውም።

መስታወት ቤት የምታሠሪ ከሆነ ለመስኮት የሚቆረጠውን 4 ሚሊ ሜትር እንዳትቀበዪ፤ 100 በ45 በ45 ለሆነ ገንዳ 8 ሚሊ ሜትር ጠይቂ። ሲሊኮኑ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ይሁን። ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት ለመታጠቢያ ቤት ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ውሃው ይገባል። ለእኔ ግን 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ገንዳ ይበልጣል፦ ዋጋው ይቀንሳል፣ አይሰበርም፣ ኤሊዋ ከጎን መታየቷ ብቻ ይቀራል። ሰማያዊውን በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው የሚሸጡም አሉ፤ ቀድሞ ምን እንደያዘ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ይቅርብሽ።

ማጣሪያውን በ20 ሊትር ባልዲ ሥሪው። ባልዲውን ከገንዳው ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ፓምፑ ከገንዳው ውሃ ገፍቶ በግማሽ ኢንች ቱቦ በባልዲው አናት አስገብቶ እስከ ታች ያወርደዋል፤ ውሃው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ሻካራ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ደቃቅ የፍራሽ ስፖንጅ፣ ከላይ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሊትር ፑሚስ ያገኛል። ፑሚሱ ብሎኬት የሚሠራበት ነው፤ ዱቄቱ እስኪለቅ እጠቢው፣ መንሳፈፉን እስኪተውም ዘፍዝፊው። መመለሻው አንድ ኢንች ቱቦ ይሁን። ከመግቢያው ካልሰፋ ባልዲው ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር፦ በመግቢያው ቱቦ ላይ፣ ባልዲው ውስጥ ከውሃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። ያለዚያ መብራት ሲጠፋ ቱቦው የባልዲውን ውሃ ወደ ኋላ ይስበውና ፑሚሱ ደርቆ ይቀራል።

ፓምፑ በሰዓት ከ1,000 እስከ 1,200 ሊትር የሚል ይሁን። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፍታ በሌለበት የተለካ ነው፤ አንድ ሜትር ሲወጣ ግማሹን ሊያጣ ይችላል። የሚፈለገው በሰዓት የገንዳው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ነው።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦
ካኒስተርም መጥፎ አይደለም፤ ድምፅ የለውም፣ ቦታ አይይዝም። ለእኛ አገር መብራት ግን ባልዲው ይሻላል። ካኒስተር ዝግ ስለሆነ ፓምፑ ለጥቂት ሰዓት ከቆመ ውስጡ ያለው፣ የኩሷን መርዝ የሚበላው ጠቃሚ ባክቴሪያ ኦክስጅን አልቆበት ይሞታል። መብራት ሲመጣ ያ የታፈነ ውሃ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ካኒስተር ካስመጣሽ፣ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ፓምፑን መልሰሽ ከማስነሳትሽ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ድፊው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል፤ ስለዚህ መመለሻው ውሃ ከአንድ ስንዝር ያህል ከፍታ እየተንፎለፎለ ይውደቅ። ኮምቦልቻም ቢሆን አይጎዳውም።

ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ ይደረግ። በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። ፑሚሱን አትንኪው።

ከሐይቅ ከተማ፦
የሐይቁን ውሃ ተይው እህቴ። ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ፤ 7 መካከለኛ ነው) ወደ 9 ይጠጋል፤ አሞኒያ (ከኩሷና ከምግብ ትርፍ የሚወጣው መርዝ) ደግሞ መርዝነቱ በፒኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል አንድ በመቶ አይሞላም፤ 9 ላይ ግን ከሲሶ ይበልጣል። ኤሊ በሳንባዋ ስለምትተነፍስ እንደ ዓሣ ቶሎ አትሞትም፤ ዓይኗ ያብጣል፣ ቆዳዋ ይላጣል። የቦርከናም ውሃ ከከተማና ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ስለሚገናኝ አይሆንም። የታሸገው ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው።

የቧንቧው ይበቃል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያው በርሜል ሞልቶ መቀመጡ አይቀርም፤ ክዳኑን ከፍተሽ 24 ሰዓት ካቆየሽው ክሎሪኑ ይተናል። ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ድፍርስ ስለሆነ ለሌላ ሥራ አውዪው። ከቸኮልሽ ቫይታሚን ሲ ከፋርማሲ ግዢ፦ የ500 ሚሊ ግራም ክኒን ሩቡ ለ50 ሊትር ይበቃል። የሚታኘከው ብርቱካናማው ስኳር አለበት፣ አይሆንም። ውሃ አጋር ወይም በረኪና የገባበት በርሜል ለዚህ አይሁን።

በሳምንት አንዴ ሁለት ጀሪካን ተኩል፣ ማለትም 50 ሊትር ያህል ቀይሪ። ሙሉውን አትድፊው። አዲሱ ውሃ በሙቀት ከገንዳው ከሁለት ዲግሪ በላይ አይለይ።

ከወልዲያ፦
ስለ መመርመሪያው ልጨምር። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ስትሪፕ (ውሃ ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ ወረቀት) እንደ ክሎሪንና ፒኤች ያሉትን እንጂ አሞኒያን አያሳይም። የሚያስፈልግሽ አሞኒያ የሚለካው በጠብታ የሚሠራው ነው፤ ከአዲስ አበባ የምታስመጪው ነገር ካለ እሱ ይሁን። አዲስ ማጣሪያ ባክቴሪያው እስኪበዛ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው በዚያ መሃል ነጭ ቢመስል ተስፋ አትቁረጪ፣ በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህሉን ቀይሪ። አሮጌውን ስፖንጅ አዲሱ ባልዲ ውስጥ ብትጨምሪው ጊዜው ያጥራል። ባክቴሪያው አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ በመጨረሻ አሞኒያና ናይትራይት 0፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት።

ምግብ ላይ ጠንከር በዪ። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሳፋ ሞልተሽ እዚያ አብያት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ትመለስ፤ የሳፋውን ውሃ ድፊ። ሥጋ የነካ ስብ ውሃው ላይ እንደ ቀጭን ቆዳ ይረጋል፣ እንጀራም ስፖንጁን ይደፍነዋል። ትንንሽ ቆሮሶ ዓሣ ከእሾሁ ጋር ይሻላል።

ከደሴ፣ ሆጤ፦
የረሳሁት፦ ዓይኗ ቢያብጥ የዶሮ ቴትራሳይክሊን ውሃው ውስጥ እንዳትበጠብጪ። የማጣሪያውን ባክቴሪያ ገድሎ ችግሩን ያብሰዋል። ቀድመሽ አሞኒያውን ለኪ። የሚደፋው ውሃ ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) ሊኖረው ስለሚችል ከማድ ቤት ማጠቢያ ይራቅ፤ ከዛፍ ሥር ይፍሰስ እንጂ ሰላጣ ላይ አይሁን።