ጩኸት የበዛበት የፖለቲካ ስላቅ ሮክ ምኑ ይማርካል?

ጥያቄ፦ ጊታሩ ጆሮ ይበጥሳል፣ ግጥሙ ደግሞ በሹማምንት ላይ እያፌዘ ያስቃል። ቀልዱ በጸጥታ ቢነገር አይሻልም ነበር?

መልስ፦ በፍጹም! ድምፁ ራሱ የስላቁ ግማሽ ነው። የአሜሪካኑን የፓንክ ሮክ ባንድ የዴድ ኬኔዲስን የመጀመሪያ አልበም (እ.ኤ.አ. 1980) ስማ። በመክፈቻው ዘፈን የባንዱ ድምፃዊ ጄሎ ቢያፍራ በባለሥልጣን አንደበት ኒውትሮን ቦምብን ያወድሳል፤ ንብረት ሳይነካ ድሆችን የሚጨርስ መሣሪያ ተገኘ ብሎ ይፈነድቃል። ዜማው እንደ ብሔራዊ መዝሙር በግርማ ይጀምርና ድንገት ይጋልባል። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስደርስ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ያንኑ ግጥም በለስላሳ ጊታር ብትዘፍነው ቁጣው ይተንናል።

ሌላ መልስ፦ ቢያፍራ እኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳን ፍራንሲስኮ ከንቲባነት ተወዳድሯል፤ ነጋዴዎች የሰርከስ ቀልደኛ ልብስ ይልበሱ የሚል ሐሳብም አቅርቦ ነበር። የከበደና የጎረበጠ ጊታር ከወደድክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሜልቪንስ ከተባለው የሮክ ባንድ ጋር ያወጣውን አልበም ፈልግ።

ሌላ መልስ፦ ስላቅ ቶሎ ያረጃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዴድ ኬኔዲስ በወቅቱ የካሊፎርኒያ ገዥ በነበሩት በጄሪ ብራውን ላይ የሠራውን ዘፈን፣ ሬጋን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው ሥልጣን ሲይዙ እ.ኤ.አ. በ1981 ግጥሙን ለውጦ በእርሳቸው ላይ አዞረው። ሁለቱን አከታትለህ አድምጣቸው።