ሦስት የልጅ ካርሲት በአንድ ጠባብ የኋላ ወንበር ላይ፦ እንዴት ይገጠማል?

የሦስት እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናችን ትንሽ፣ ባለ አምስት በር የቤት መኪና ናት። ከኋላ ሦስት ልጆች መቀመጥ አለባቸው፦ የ5 ወር ሕፃን (7 ኪሎ)፣ የ3 ዓመት ልጅ (14 ኪሎ)፣ የ6 ዓመት ተኩል ልጅ (21 ኪሎ፣ ቁመቱ 117 ሴ.ሜ)። የኋላው ወንበር ከበር እስከ በር ሲለካ 127 ሴ.ሜ ነው። የሕፃኑ ካርሲት ስፋት 44፣ የመካከለኛው 47፣ የትልቁ ባለ መደገፊያ ቡስተር (ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ በልኩ እንዲያልፍለት የሚያደርግ መቀመጫ) 45፤ ድምሩ 136። አይሶፊክስ (ካርሲቱ ያለ ቀበቶ የሚያዝባቸው የመኪናው ብረቶች) ያለው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። የመሀሉ ቀበቶ ባለ ሦስት ነጥብ ሆኖ ከጣሪያ ነው የሚወርደው።

አሁን ሕፃኑና መካከለኛው ዳርና ዳር በአይሶፊክስ ተይዘዋል። ቡስተሩ መሀል በግድ ይገባል፣ ግን ቀበቶውን መሰካት አይቻልም፤ እጅ አይገባም። መኪና መቀየር አይታሰብም። አቀማመጡን በማስተካከል ይሆናል ወይስ ካርሲቶቹን መቀየር ግድ ነው? ትልቁን ጋቢና ማስቀመጥስ?

ባለ ሜትር

እህቴ፣ 136ቱ አያስደንግጥሽ። ሦስቱን ደምሮ ከመኪናው ስፋት ጋር ማወዳደር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አምራቹ የሚጽፈው ካርሲቱ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በሦስቱም ላይ እኩል ከፍታ ላይ አይውልም። የሕፃኑ ካርሲት ከታች ጠባብ ነው፤ የሚሰፋው ከላይ፣ እጀታው በሚታጠፍበት ግድም ነው። ወደ ኋላ ስለሚያይም ያ ሰፊው ክፍል ከመኪናው መደገፊያ ራቅ ብሎ ይወጣል። ወደ ፊት የሚያየው ካርሲት የሚሰፋው የራስ ክንፎቹ ላይ ሲሆን እነሱ መደገፊያው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚያየው ወደ ፊት ከሚያዩት ሁለቱ መሀል ሲገባ እንደ ዚፕ ጥርስ ይገባባሉ እንጂ አይጋጩም። እያንዳንዱን ካርሲት ሦስት ቦታ ለኪው፦ መቀመጫው ላይ፣ ክርን ግድም፣ ትከሻ ግድም።

ሌላው ቦታ የሚበላብሽ አይሶፊክሱ ራሱ ነው። ሁለቱ ብረቶች ከመሀል እስከ መሀል 28 ሴ.ሜ ይራራቃሉ፤ ይህ በሁሉም መኪና አንድ ነው። ካርሲቱ የግድ በሁለቱ አማካይ ላይ ይውላል፣ ወደ በሩ ገፋ ላድርገው ቢሉት አይንቀሳቀስም። አማካዩ ከበሩ 30 ሴ.ሜ ይርቃል እንበል። 44 ሴ.ሜ የሚሰፋው ከበሩ 8 ላይ ጀምሮ 52 ላይ ያበቃል፤ 47 የሚሰፋው 53.5 ላይ። ለመሀሉ የሚተርፈው 21.5 ሴ.ሜ ብቻ ነው። ሁለቱንም በቀበቶ አስረሽ ከበሩ 1 ሴ.ሜ ብቻ እንዲርቁ ብታደርጊ ግን 45 እና 48 ላይ ያበቁና ለመሀሉ 34 ሴ.ሜ ይተርፋል። ምንም ሳትገዢ 12.5 ሴ.ሜ አተረፍሽ ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው አቀማመጥ ሕፃኑ መሀል፣ መካከለኛው በአንዱ በር፣ ቡስተሩ በሌላው በር ነው። ሕፃኑ ያለ ቤዝ (ካርሲቱ ከላዩ የሚሰካበት ግርጌ)፣ በቀበቶ ብቻ ይታሰራል፤ ቤዙ ስፋትም ይጨምራል፣ ወለሉ ላይ የሚቆም ድጋፍ እግርም ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ያለ ቤዝ መታሰር የሚችል መሆኑን መመሪያው ላይ አረጋግጪ፤ የማይፈቅዱ አሉ።

ከጣሪያ የሚወርደው ቀበቶ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምላስ አለው። ትንሿ ምላስ መጀመሪያ በራሷ ትንሽ መሰኪያ ውስጥ መግባት አለባት። እሷ ካልተሰካች በጭን ላይ የሚያልፈው ክፍል አንድ ጫፉ የትም አልታሰረም፤ ቀበቶው የታሰረ ይመስላል እንጂ አይይዝም። ሁለተኛ፣ የሕፃን ካርሲት ቀበቶው ከፊት በጭን በኩል አልፎ ከጀርባው ዞሮ ስለሚታሰር ረጅም ቀበቶ ይፈልጋል። ሌላ ነገር ከማንቀሳቀስሽ በፊት የመሀሉን ቀበቶ ብቻ አውጥተሽ ይደርስ እንደሆነ ሞክሪ። ካልደረሰ የቀበቶ ማስረዘሚያ መፍትሔ አይደለም፤ አቀማመጡ ነው የሚቀየረው።

ቀበቶ እሰሩ

ባለ ሜትር ያለው ልክ ነው፣ ግን ጠባብ መኪና ላይ ሰው የሚሸነፈው በስፋት ሳይሆን በመሰኪያው ነው። ሦስቱም ገብተው በሩ ተዘግቶ፣ የቡስተሩ ልጅ ግን መሰኪያው ላይ ተቀምጦበታል። ቡስተር ሁልጊዜ በበር በኩል የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ አጠገቡ ያለው የሕፃኑ ካርሲት ከታች ጠባብ በመሆኑ ለእጅ ቦታ ይተርፋል።

መጀመሪያ የትኛው መሰኪያ የየትኛው ቀበቶ እንደሆነ ለዩ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች የመሀሉና የዳሩ መሰኪያ ተላልፈው ነው የተተከሉት፤ የመሀሉ ተቀማጭ መሰኪያ ወደ ዳሩ ተቀማጭ ገባ ብሎ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ የአንዱ ካርሲት ግርጌ የሌላውን መሰኪያ መጫኑ አይቀርም።

ከዚያ መሰኪያው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። የቀበቶው ጨርቅ እንጂ ጠንካራው የመሰኪያ ቀፎ የካርሲቱ ጠርዝ ላይ ታጥፎ መደገፍ የለበትም። በቀፎው ላይ የጎን ጫና ሲያርፍ በአደጋ ጊዜ ሊሰበር ወይም ሊከፈት ይችላል። መሰኪያው በጨርቅ የተያዘ ሲሆን አንዳንዶች ጠምዝዘው ያሳጥሩታል። የመኪናውም የካርሲቱም መመሪያ ካልፈቀደ አትጠምዝዙት፤ በብረት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ የተያዘውን ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

ጀርባ የሌለው ቡስተር ይጠባል ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። በአውሮፓው ደንብ በአዲስ የሚፈቀዱት ጀርባ አልባ ቡስተሮች ከ125 ሴ.ሜ ጀምሮ ነው። 117 ሴ.ሜ እና 21 ኪሎ የሆነ ልጅ ገና ጀርባውን ይፈልገዋል፤ ጀርባው የትከሻውን ቀበቶ በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ይመራለታል፣ ሲተኛም ጭንቅላቱን ይይዝለታል። ጠባብ ባለ መደገፊያ ቡስተር ፈልጉ። የኩባያ ማስቀመጫው የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት፤ ከአንድ ጎን ብቻ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይመለሳል።

መለኪያዬ ቀላል ነው፦ ልጁ ራሱ በአንድ እጁ መሰካት ከቻለና «ቀጭ» ሲል ከተሰማ አቀማመጡ ሠርቷል። አዋቂ በጣት ጫፍ እየቆፈረ የሚሰካው ከሆነ አንድ ቀን ግማሽ ገብቶ ይቀራል።

ጓሮ መካኒክ

ባለ ሜትር፣ አይሶፊክስን እንዲህ በቀላሉ አታስጥላት። አይሶፊክስ የመጣው በቀበቶ ሲታሰር የሚፈጠረውን ስህተት ለመቀነስ ነው። አመልካቹ አረንጓዴ ሲያሳይ ተይዟል ማለት ነው፤ ቀበቶ ላይ እንዲህ ያለ ምስክር የለም።

ባለ ሜትር

ስህተቱ በቀበቶ እንደሚበዛ አልክድም። ግን በመመሪያው ለቀበቶ የተፈቀደ ካርሲት በትክክል ከታሰረ ይይዛል፣ የተፈተነውም በዚያው ነው። አይሶፊክስ ያለው ካርሲት ግን ሁሉም በቀበቶም አይታሰርም። መካከለኛው ለሁለቱም የተፈቀደ ካልሆነ እሱን በአይሶፊክስ ተዉት፤ የሕፃኑንና የቡስተሩን ቦታ ብቻ ማስተካከል አንዳንዴ ይበቃል።

በቀበቶ አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። የአይሶፊክስ እጆቹ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ተርፈው ከወጡ መደገፊያውን ገፍተው ካርሲቱን ያንሳፍፉታል። ቀበቶው ሳይጠማዘዝ በምልክቱ መንገድ ይለፍ (ወደ ፊት ለሚያይ ቀይ፣ ወደ ኋላ ለሚያይ ሰማያዊ)። ከተሰካ በኋላ በጉልበት ካርሲቱን ተጫኚው። መጀመሪያ የጭኑን ክፍል ጎትተሽ አጥብቂ፣ ከዚያ የትከሻውን ክፍል ወደ ላይ ሳቢ፤ በተቃራኒው ከተደረገ የላላው ጭኑ ላይ ይቀራል። ካርሲቱ የራሱ መቆንጠጫ ካለው ያን ጊዜ ዝጊው። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ቀበቶው እስከ መጨረሻ ተስቦ ሲለቀቅ «ጥር ጥር» እያለ ወደ ኋላ ብቻ ይሄዳል፤ ያኔ ራሱ ይቆልፋል። (ቡስተር ላይ ያለ ልጅ እየተጫወተ እስከ መጨረሻ ከሳበው እየጠበቀበት ይሄዳል። ፈትቶ ሙሉ በሙሉ እንዲጠቀለል መልቀቅ ነው መፍትሔው።)

ስትፈትሺው ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዘሽ ግራና ቀኝ ነቅንቂ፤ ከ2.5 ሴ.ሜ በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ጫፉን ይዞ መነቅነቅ አይጠቅምም። ጫፉ ሁልጊዜ ይወዛወዛል።

የሦስት እናት

አመሰግናለሁ። የአይሶፊክሱ አማካይ ከበሩ 31 ሴ.ሜ ነው። የሕፃኑ ካርሲት ያለ ቤዝ ይታሰራል፣ የጣሪያው ቀበቶም ይደርሳል። መካከለኛውም ለቀበቶ የተፈቀደ ነው። እንደተባለው ሦስቱም ገቡ፣ ትልቁም ራሱ ይሰካል። ግን አንድ ነገር አለ፦ የሕፃኑ ካርሲት ሲወጣ የመካከለኛው መነቃነቅ ይጀምራል። ሲመለስ ደግሞ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ችግር አለው?

ጓሮ መካኒክ

አዎ፣ አለው። መካከለኛው የቆመው በቀበቶው ሳይሆን በጎረቤቱ ግፊት ነው ማለት ነው። ካርሲቶች ቢነካኩ ግድ የለም፣ መደጋገፍ ግን አይቻልም፤ በግጭት ጊዜ አንዱ ከቦታው ሲፈናቀል ሌላውም ይላላል። እያንዳንዱ ብቻውን 2.5 ሴ.ሜውን ፈተና ማለፍ አለበት። ሁለቱንም አውጪና መጀመሪያ መካከለኛውን ብቻውን አስሪና ፈትሺው። ከዚያ የሕፃኑን አስገቢ። የሕፃኑ ሲገባ መካከለኛው ከአንድ ጎኑ ከተነሳ ግርጌዎቹ ተደራርበዋል፤ 1 ሴ.ሜ ወደ በሩ አስጠጊው፣ በሩ ሲዘጋ ግን ካርሲቱን መግፋት የለበትም።

ወደ ፊት የሚያየው የላይ ማሰሪያ (ከጀርባው አናት ወጥቶ ከመኪናው ጋር የሚያያዝ) ካለው እሱንም አገናኚ፤ በግጭት ጊዜ ራስ ወደ ፊት የሚሄደውን ርቀት የሚቀንሰው እሱ ነው። ማሰሪያው የሚገባበትን ነጥብ የመኪናው መመሪያ ያሳይሻል፤ የዕቃ ማሰሪያ ቀለበት ያን ጉልበት አይችልም። የመኪናው የራስ መደገፊያ የቡስተሩን ጀርባ ወደ ፊት እየገፋ ከሆነና መመሪያው ከፈቀደ ንቀይው፤ የተነቀለው ግን በመኪናው ውስጥ ሳይታሰር አይቀመጥ።

አሁን ያለ ቤዝ ስለሆነ አያገባሽም፣ ግን ወደፊት ድጋፍ እግር ያለው ከገዛሽ፣ እግሩ ወለሉ ስር ባለ የዕቃ ሳጥን ክዳን ላይ ማረፍ የለበትም፤ ክዳኑ ይሰበራል።

ቀበቶ እሰሩ

የጋቢናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ወደ ኋላ የሚያይ ካርሲት ኤርባጉ በሚሠራ ጋቢና ላይ በፍጹም አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የካርሲቱን ጀርባ ከሕፃኑ ጭንቅላት ጋር ነው የሚመታው። አንዱ ልጅ የግድ ወደ ፊት ከመጣ ትልቁ ነው የሚመጣው፤ በቡስተሩ፣ በባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ወንበሩ እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ተገፍቶ። ያም የአገሩ ሕግና የመኪናው መመሪያ ከፈቀዱ ነው። ከኋላ ሦስቱም ስለገቡልሽ ግን እኔ ብሆን አላደርገውም።

ይልቅ ከፊት ያለውን ርቀት ተመልከቺ። ወደ ኋላ የሚያየው መሀል በመሆኑ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ይገባል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ቦታ ለመስጠት ብሎ ወደ መሪው ከተጠጋ ደረቱ ከመሪው መሀል ቢያንስ 25 ሴ.ሜ መራቅ አለበት። የሕፃኑ ጋድም ማለትም እንዳይረሳ፦ ካርሲቱ ላይ የተሳለው መስመር መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከልክ በላይ ቀጥ ካለ የሕፃኑ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቆ አየር ያጥረዋል።

የሦስት እናት

ሌላ አንድ ጥያቄ። ሕፃኑ ሲያድግ ሁለተኛ ትልቅ ካርሲት ልገዛ ነው። «አይ-ሳይዝ» የሚለው (የአውሮፓ የካርሲት ደረጃ) ጠባብ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?

ባለ ሜትር

አይ-ሳይዝ እስከ 44 ሴ.ሜ በሚደርስ ቦታ እንዲገባ ነው የተወሰነው። ሦስት ቢደረደሩ 132 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ከ127 ይበልጣል። ስለዚህ ስያሜው ብቻውን አያድንሽም፤ 43 ሴ.ሜ ግድም የሚሆኑ፣ ሦስት ጎን ለጎን እንዲገቡ ታስበው የተሠሩ አሉ፣ ዲዮኖ ራዲያን ከነሱ አንዱ ነው። ግን የሕፃኑ ካርሲት ሲቀየር ከታች ጠባብ የነበረው ቦታ ስለሚጠፋ ስሌቱ ሁሉ ከአዲስ ይጀመራል፤ በተለይ የቡስተሩ እጅ መግቢያ። ለመግዛት ስትሄጂ መኪናዋን፣ ሜትርና ሁለቱን የቀሩ ካርሲቶች ይዘሽ ሂጂ፣ ሻጩ ሳጥኑን ሳይሆን ካርሲቱን ራሱን አውጥቶ መኪናው ላይ ያስሞክርሽ። ያገለገለ ከሆነ ከባድ ግጭት ያላየ መሆኑን ጠይቂ፣ ከግርጌው ፕላስቲክ ላይ የተቀረጸውን የተሠራበትን ቀንም ገልብጠሽ አንብቢ።