ስንኝ ስቆጥር 14 ይመጣብኛል፣ መምህሬ ግን 12 ነው ይላሉ

ጠያቂዋ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የአማርኛ ፈተና አለብን፣ የግጥሙ ክፍል ግን ጨርሶ አልገባኝም። ስለ ደሴ ሁለት ስንኝ ጻፉ ተብለን ይህን ጻፍኩ፦

ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ከረመ፤
ቦርከናም በረደው፣ መሄዱን አቆመ።

መምህሬ ወደዱልኝ። «የወል ቤት ነው፣ 12 ቀለም» አሉኝ። ቤት ሄጄ በጣቴ ስቆጥር የላይኛው 14፣ የታችኛው 16 መጣ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? ደግሞ ሰውኛ፣ እንቶኔ፣ ተለዋጭ የሚባሉት ይምታቱብኛል። ሰምና ወርቅማ ተስፋ ቆርጫለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)፦ ልጄ፣ ግጥምሽ ደስ ይላል። የተሳሳትሽው ፊደል ስለቆጠርሽ ነው። የሚቆጠረው ቀለም ነው፤ ቀለም በጆሮ እንጂ በዓይን አይቆጠርም። «ጉም» በጽሑፍ ሁለት ፊደል ነው፣ አፍ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። «ም» ሳድስ ናት፤ እዚህ የራሷ ድምፅ ስለሌላት «ጉ» ላይ ተደግፋ ታልፋለች። እያጨበጨብሽ በይው፦ ጉም፣ ወር፣ ዶ፣ ከ፣ ረ፣ መ። ስድስት። «ከጦሳ ተራራ»ም ስድስት። ይኸው 12።

ሁለቱ ግማሾች ሐረግ ይባላሉ። መሃል ላይ ትንፋሽ የምንወስድበት ቦታ አለ፣ ሰምተሽው ይሆናል። ስድስት በስድስት ሲሆን የወል ቤት፣ አምስት በአምስት ሲሆን ሰንጎ መገን ነው። ሁለቱ መስመር ሁለት ስንኝ ነው። ስንኞች ተሰባስበው አንድ ሐሳብ ሲይዙ አንጓ ወይም አርኬ ይሆናሉ።

የኮምቦልቻው፦ እህቴ፣ ቤት መምታትን እኔ ልጨምር። «ከረመ» እና «አቆመ» ሁለቱም በ«መ» ስላለቁ ቤት መተዋል። አንዱ በ«መ» ሌላው በ«ማ» ቢያልቅ ግን አይመታም። ፊደሉም፣ ፊደሉ ያለበት ተራም አንድ መሆን አለበት። እኔ በዚህ ነጥብ ስለተቀጣሁ አልረሳውም!

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ አንተም ወንድሜ። ሳድስ ሁልጊዜ አይቆጠርም ማለት ነው?

ጡረተኛ መምህር፦ አይደለም ልጄ፣ እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይወድቃል። «ልጁ» ሲባል «ል» ትሰማለች፤ ስለዚህ ትቆጠራለች። ጆሮሽን እመኚ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ (ወሎ ሰፈር ሳይሆን ወሎ!)፦ ዘይቤዎቹን በጦሳ ጉም ልንገርሽ። «ጉሙ እንደ ጋቢ ጦሳን ሸፈነው» ካልሽ ተነጻጻሪ ነው፤ «እንደ» ታስታውቃለች። «ጉሙ የጦሳ ጋቢ ነው» ካልሽ ተለዋጭ ነው፤ ጉሙን ጋቢ አደረግሽው። አንቺ ደግሞ ቦርከናን «በረደው» ብለሻል። ወንዝ አይበርደውም፣ የሰው ስሜት ሰጠሽው፤ ሰውኛ ነው። እንቶኔ ከዚህ የሚለየው አንቺ ራስሽ ስታናግሪው ነው፦ «ጦሳ ሆይ፣ ጉምህን አንሳልን!» ስለ እሱ ካወራሽ ሰውኛ፣ ለእሱ ካወራሽ እንቶኔ። ወንዙ ቆመ ማለትሽ ደግሞ ግነት ነው። በሁለት ስንኝ ሁለት ዘይቤ አለሽ ማለት ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ሰምና ወርቅን ለእኔ ተዉልኝ። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል። ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው ቀልጦ የተዘጋጀው ወርቅ ይፈስሳል። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ላይ ላዩ የሚሰማው ሰም፣ ከሥሩ የተደበቀው ወርቅ። አሁን የጻፍኩልሽን ተመልከቺ፦

በደብተር በመጽሐፍ ቀን ሌሊት ቢለፋ፣
አልተማረም ልጁ ሰውን እያስከፋ።

ሰሙ፦ ልጁ ቢያጠናም ትምህርት አልገባውም። ወርቁ፦ ሰው እያስቀየመ ምሕረት አላገኘም። ሁለቱንም የተሸከመችው «አልተማረም» ናት፤ ኅብረ ቃል ትባላለች። ፈተና ላይ መጀመሪያ እሷን ፈልጊ። «ደብተር» ወደ ሰሙ፣ «ሰውን እያስከፋ» ወደ ወርቁ ይመራሻል። መንገድ ጠቋሚ ቃል በሌለበት ወርቅ አለ ብለሽ አትድከሚ።

ጠያቂዋ፦ አሁን ገባኝ! ሰንጎ መገን ሞክሬያለሁ፣ እያጨበጨብኩ ነው የጻፍኩት፦

ሰኞ ማለዳ ገበያ ወርጄ፣
ጤፍ ተወደደ፣ ባዶ ነው እጄ።

የኮምቦልቻው፦ አምስት በአምስት ነው፣ ቆጠርኩት። ቤቱም መትቷል። የሰኞ ገበያን ነገር በደንብ ገልጸሽዋል።

ጡረተኛ መምህር፦ ልክ ነሽ ልጄ። አሁን ደግሞ ጤፉን ራሱን አናግሪው፤ ሦስተኛና አራተኛ ስንኝ ጨምረሽ ነገ ላኪልኝ።